ለዲፕሎማሲ የሚያስብ ተማሪ፦ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ወይስ ሕግ?

ስድስት ኪሎ ግቢ የአንደኛ ዓመት ትምህርቱን ጨርሶ የትምህርት ክፍል ለመምረጥ የተዘጋጀ፣ ልቡም ወደ ዲፕሎማሲ ያዘነበለ ተማሪ ብዙ ጊዜ የሚዋልለው በፖለቲካል ሳይንስና ዓለም አቀፍ ግንኙነት እና በሕግ መካከል ነው። ሁለቱም በአንድ አጥር ውስጥ የሚሰጡና ብዙ የሚያስነብቡ ናቸው፤ ከውጭ ሲታዩም ወደ አንድ በር የሚያደርሱ ይመስላሉ። እኔ የመጀመሪያውን ተምሬያለሁ፤ ስለዚህ ሚዛኔ ወደዚያ ሊያዘነብል እንደሚችል አንባቢ ከወዲሁ ይወቅልኝ።

በቆይታ ረገድ ዓለም አቀፍ ግንኙነት 4 ዓመት፣ ሕግ ደግሞ 5 ዓመት ይወስዳል። ተጨማሪው ዓመት የወጪ መጋራት ዕዳን ከፍ ከማድረጉም በላይ ደመወዝ የሚጀመርበትን ጊዜ ያዘገያል። የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች ላይ የተጣለ ግዴታ በመሆኑ፣ ከፈተናው ለማምለጥ ብሎ አንዱን መምረጥ ትርጉም የለውም።

ዋናው ልዩነት ያለው በአስተሳሰቡ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ1959 ግብፅና ሱዳን የተፈራረሙትን የዓባይ ውኃ ስምምነት ለሁለቱም ተማሪዎች ብንሰጣቸው፣ የሕግ ተማሪው በቅድሚያ የሚያየው የማን ፊርማ እንዳረፈበት ነው። ኢትዮጵያ አልፈረመችምና፣ ስምምነት ያለ ፈቃዱ በሦስተኛ አገር ላይ ግዴታ እንደማይጥል የሚደነግገውን የ1969ኙን የቪየና ስምምነት አንቀጽ 34 ጠቅሶ መከራከሪያውን ይገነባል። የዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪው ግን 55.5 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ለግብፅ፣ 18.5 ቢሊዮን ለሱዳን ሲከፋፈል የላይኛው ተፋሰስ አገሮች ለምን ከጠረጴዛው እንደራቁ፣ ካይሮ የአስዋንን ታላቅ ግድብ ለመሥራት የካርቱም ይሁንታ ለምን እንዳስፈለጋት፣ እ.ኤ.አ. በ2011 የተጀመረው የሕዳሴ ግድብስ የኃይል ሚዛኑን እንዴት እንደለወጠው ይጠይቃል። አንዱ ጽሑፉን ይዞ ይሟገታል፤ ሌላው ጽሑፉ ለምን እንዲያ ሆኖ እንደተጻፈ ይመረምራል። ከእነዚህ ጥያቄዎች የትኛው እንቅልፍ እንደሚነሳዎት ማወቅ ከማንም ምክር ይበልጣል። ለዚህ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ በአንደኛ ዓመት የሚሰጠው የግሎባል ትሬንድስ ሞጁል ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ጥሩ መቅመሻ ነው። ለፈተና ብቻ ሸምድዶ የጣለው ተማሪ አራት ዓመት ሙሉ ንድፈ ሐሳብ እያነበበ እንዲቆይ አልመክርም።

በሥራ ገበያው ሕግ ይበልጣል፤ ይህን መሸፋፈን አይገባም። ዓቃቤ ሕግነት፣ ዳኝነትና ጥብቅና ሌላ ሙያ የማይሻማቸው የሕግ ምሩቅ ቦታዎች ናቸው። የእኛ ዲግሪ ግን በጋዜጣ ላይ በሚወጡ የቅጥር ማስታወቂያዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው «ወይም ተዛማጅ የትምህርት መስክ» በሚለው ሐረግ ውስጥ ነው፤ ይህም በር ሰፊ ቢሆንም የሚገባበት ሰው ብዙ ነው።

አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫ መሆኗ ብዙ ተማሪ ያዘናጋል። ሕንፃው ለሰፈራችን ቅርብ መሆኑ ሥራውን አያቀርበውም፤ በዓለም አቀፍ ደረጃ የሚቀጠሩ ባለሙያዎች የሚወዳደሩት ከብዙ አገር ዜጎች ጋር ሲሆን፣ ብዙ ጊዜም ሁለተኛ ዲግሪና የሥራ ልምድ ይጠየቃሉ። እኔ ራሴ ከምረቃ በኋላ ለአንድ ድርጅት የሥራ ልምምድ ቃለ መጠይቅ ስቀርብ፣ ጠያቂዋ ሁለት ገጽ የፈረንሳይኛ ሪፖርት ዘርግታ በእንግሊዝኛ እንዳሳጥረው ጠየቀችኝ፤ ገጾቹን መልሼ ወደ እሷ ከመግፋት ሌላ አማራጭ አልነበረኝም። ማስታወቂያው ስለ ፈረንሳይኛ አንድ ቃል አልነበረውም። የትኛውንም ቢመርጡ ፒያሳ ያለው የፈረንሳይኛ ቋንቋ ማስተማሪያ፣ አሊያንስ ኢትዮ ፍራንሴዝ፣ ከስድስት ኪሎ ሩቅ እንዳልሆነ አይርሱ።

ከሁለቱ አንዱን ለመወሰን ለሚቸገር ሰው ሦስተኛ መንገድ አለ፤ በሕግ ወይም በኢኮኖሚክስ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዞ፣ ከጥቂት ዓመት ሥራ በኋላ በዓለም አቀፍ ግንኙነትና ዲፕሎማሲ ሁለተኛ ዲግሪ መማር ይቻላል። ትዕግሥት ላለው ሰው ይህን አስቀድማለሁ፤ የሕግ ባለሙያ ዓለም አቀፍ ግንኙነትን በሁለተኛ ዲግሪ ሊደርስበት ሲችል፣ እኔ ግን ጠበቃ ለመሆን ብፈልግ የሕግን የመጀመሪያ ዲግሪ ከሥሩ መጀመር ይኖርብኛል።

በግል ተቋም ለመማር የሚያስብ ደግሞ ከመክፈሉ በፊት የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን የሰጠውን ፈቃድ ይጠይቅ። ፈቃዱ የሚሰጠው ለትምህርት መስኩ፣ ለካምፓሱና ለአሰጣጡ ተለይቶ ስለሆነ፣ እንግዳ መቀበያው ግድግዳ ላይ በፍሬም የተሰቀለው ወረቀት የሌላ መስክ ወይም የሌላ ካምፓስ አለመሆኑን ጠጋ ብሎ ያንብብ።