ባለ 700 ዶላሩ መርከብ ወይስ ባለ 1,650ው?

ሁለት የክሩዝ፣ ማለትም የመዝናኛ መርከብ ጉዞ፣ ማስታወቂያ ጎን ለጎን ከፍታችኋል እንበል። አንደኛው ሰባት ሌሊት በ700 ዶላር ይላል። ሁለተኛው ሰባት ሌሊት በ1,650 ዶላር። ባሕሩ ያው ባሕር ነው፤ ወደቦቹም ይመሳሰላሉ። እጃችሁ ወደ 700ው ቢዘረጋ አልፈርድባችሁም። የእኔም ተዘርግቶ ነበር። በመጨረሻው ቀን ሂሳቡን ስከፍተው ግን መርከቡ ላይ ያወጣሁት ከትኬቱ በልጦ አገኘሁት። ያታለለኝ የለም። በደቃቃ ፊደል ቢሆንም ሁሉም ተጽፎ ነበር። ያላነበብኩት እኔ ነኝ።

ከዚያ ወዲህ መርከብ ሳወዳድር የማየው የመጀመሪያውን ቀን ዋጋ ሳይሆን የመጨረሻውን ቀን ሂሳብ ነው። እዚህም እንደዚያው አደርጋለሁ። ከላይ ያሉት ሁለት ዋጋዎች ለስሌት እንዲመቹ የወሰድኳቸው ምሳሌዎች ናቸው።

ሁለቱ ጎራዎች

በአንድ በኩል ትኬቱን አርክሰው የቀረውን አንድ በአንድ የሚሸጡ ኩባንያዎች አሉ። ካርኒቫል፣ ሮያል ካሪቢያን፣ ኤምኤስሲና ኖርዌጂያን እዚህ ይገባሉ። መርከቦቻቸው ግዙፍ ናቸው። የውኃ መንሸራተቻ አለ፣ ትርኢት አለ፣ ልጆች በየቦታው ይሯሯጣሉ። በሌላ በኩል ብዙውን ነገር በትኬቱ ውስጥ የሚከቱ አሉ። ሪጀንት ሰቨን ሲስ የወደብ ጉብኝቱንም፣ መጠጡንም፣ ቲፑንም ያካትታል። ቫይኪንግ በየወደቡ አንድ ጉብኝት ይሰጣል፤ በምሳና በእራት ሰዓት ወይንና ቢራ አያስከፍልም። ግን ከ18 ዓመት በታች አይቀበልም። ልጅ ይዛችሁ ከሆነ ንጽጽሩ እዚያው አለቀ።

መሐል ላይ ደግሞ ፕሪንሰስ፣ ሴለብሪቲና ሆላንድ አሜሪካ አሉ። ባዶውን ትኬት ይሸጡላችኋል፤ ከፈለጋችሁ መጠጥና ዋይፋይን የመሳሰሉትን በፓኬጅ ትጨምራላችሁ። እንደ እኔ ላለ ወላዋይ ይሄኛው ይመቻል።

የ700ው ዋጋ የማን ዋጋ ነው?

መጀመሪያ ልብ በሉ፤ 700 የአንድ ሰው ዋጋ ነው፣ ያውም በአንድ ክፍል ሁለት ሆናችሁ ስትገቡ። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ብዙ ጊዜ የሁለተኛውን ሰው ድርሻም አብዛኛውን ወይም ሙሉውን ይከፍላል። ኖርዌጂያን እ.ኤ.አ. በ2010 ኤፒክ በተባለችው መርከቡ ላይ ለአንድ ሰው የተሠሩ ትንንሽ ክፍሎች ካስገባ ወዲህ ሌሎችም ተከትለውታል። ግን ቁጥራቸው ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃሉ። በአንድ ክፍል ሦስተኛና አራተኛ ሆኖ የሚገባ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ በርካሽ ይገባል።

ከዚያ የወደብ ክፍያና ግብር አለ። ይሄ በነፍስ ወከፍ ነው። አንዳንድ ድረ ገጾች በመጀመሪያው ዋጋ ውስጥ ያስገቡታል፣ አንዳንዶቹ መጨረሻ ላይ ይጨምሩታል። በካሊፎርኒያ ከጁላይ 2024 ጀምሮ አስገዳጅ ክፍያዎችን ደብቆ ማስተዋወቅ በሕግ ተከልክሏል፤ በርካታ ኩባንያዎችም በዚያ ሰበብ በመላው አሜሪካ አሠራራቸውን ቀይረዋል። በሌላ አገር ድረ ገጽ የምትገዙ ከሆነ ግን አንዱን ከነግብሩ፣ ሌላውን ያለግብሩ እንዳታወዳድሩ። ግሪክም ከጁላይ 2025 ወዲህ ሳንቶሪኒና ሚኮኖስ በተባሉት ደሴቶቿ ላይ ከመርከብ ለሚወርድ መንገደኛ በበጋው ወራት 20 ዩሮ ታስከፍላለች።

ክፍሉስ? መስኮት የሌለው የውስጥ ክፍል ከሁሉ ይረክሳል። በየቀኑ ወደብ ላይ የሚቆም ጉዞ ከሆነ እሱን ያዙ፤ ክፍላችሁ ውስጥ የምትገኙት ለመተኛት ብቻ ነው። አላስካ ወይም የኖርዌይ ፍዮርዶች (በገደላማ ተራሮች መሐል የገቡ የባሕር ሰርጦች) ከሆነ ግን በረንዳ ላይ አትቆጥቡ። እዚያ የሚታየው ነገር ከመርከቡ ላይ ነው የሚታየው። የክፍል ቁጥራችሁን ኩባንያው እንዲመርጥላችሁ ከፈቀዳችሁ ዋጋው ዝቅ ይላል። ችግሩ ከዳንስ ቤቱ በላይ ልትመደቡ መቻላችሁ ነው። ባሕር የሚያዞረው ሰው ቁማሩን ትቶ ከመርከቡ መሐልና ከታችኛው ወለል ክፍል ይምረጥ።

መቼ ይገዛ ለሚለው፣ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ኩባንያዎቹ ለሽያጭ የሚሯሯጡበት ወቅት ነው። ያኔ ከቅናሽ ይልቅ ምርቃት ይበዛል፤ መርከብ ላይ የምታወጡት ገንዘብ ወይም የመጠጥ ፓኬጅ ይጨምሩላችኋል። ሌላው ዕድል ደግሞ የመጨረሻው ክፍያ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ብዙ ጊዜ ከመነሻው 75 እስከ 90 ቀን ሲቀረው ማለት ነው። ሰዎች ይሰርዛሉ፣ ክፍሎች ይመለሳሉ፣ ዋጋ ይወርዳል። በትምህርት ቤት ዕረፍት የምትሄዱ ግን ይህን አትጠብቁ። በዚያ ወቅት ዋጋው ሲወጣ እንጂ ሲወርድ አይታይም።

ከወደብ መውረድ፦ በመርከቡ ወይስ በራስ?

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያፈሰው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ መቆጠብ የሚቻለውም እንዲሁ። መርከቡ የሚሸጠው ጉብኝት በአብዛኛው ይወደዳል። ትልቅ አውቶቡስ፣ አርባ ሃምሳ ሰው፣ ባንዲራ የያዘ አስጎብኚ፣ መሐል ላይ ሳይፈለግ የሚገባ የመታሰቢያ ዕቃ ሱቅ። ታዲያ ለምን ይገዛል? ለአንድ ነገር ነው። አውቶቡሱ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ ባይጠብቅም ወደሚቀጥለው ወደብ የሚያደርሷችሁ እነሱ ናቸው።

በራሳችሁ ወጥታችሁ ብትዘገዩ መርከቡ ጥሏችሁ ይሄዳል። ቀልድ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2024 በሳኦ ቶሜ ደሴት በግል ጉብኝት ላይ የነበሩ ስምንት መንገደኞች ዘግይተው ሲደርሱ መርከቡ እዚያው ወደቡ አካባቢ ይታያል፣ ግን አልተሳፈሩም። ጋምቢያ ላይ ሊይዙት ሞከሩ፤ እዚያም አልሆነም። ስንት አገር አቆራርጠው በመጨረሻ የተሳፈሩት ሴኔጋል ላይ ነው።

ስለዚህ ጥያቄው መርከቡ ከቆመበት እስከምታዩት ቦታ ያለው ርቀት ነው። "ሮም" ተብሎ የሚሸጠው ወደብ ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከሮም ወደ 80 ኪሎ ሜትር ይርቃል። "ፓሪስ" የተባለው ለ አቭር ነው፤ ወደ 200 ኪሎ ሜትር። ሁለቱንም በባቡር መሄድ ይቻላል። ቺቪታቬኪያን በራሴ እደፍራለሁ፤ ባቡሩ አንድ ሰዓት ገደማ ነው፣ ቶሎ ቶሎም ይመላለሳል። ለ አቭርን ግን ለመርከቡ እተዋለሁ። አንድ ባቡር ቢቀር ቀኑም መርከቡም አብረው ይሄዳሉ። ከወደቡ በእግር ወደ ከተማው የሚገባ ከሆነ ግን ለአውቶቡስ ጉብኝት መክፈል ገንዘብ መበተን ነው።

መርከቡ ከወደብ ርቆ ቆሞ በትንንሽ ጀልባ የሚያወርድባቸው ቦታዎችም አሉ። ሳንቶሪኒ አንዷ ናት። መጀመሪያ የሚወርዱት የመርከቡን ጉብኝት የገዙት ናቸው፤ ሌላው ተራ ይጠብቃል። ከአሮጌው ወደብ ወደ ላይ ለመውጣት ደግሞ ወይ በገመድ ላይ በሚሄድ ኬብል መኪና ነው፣ ወይ በበቅሎና በአህያ፣ ወይ ወደ 590 የሚጠጋ ደረጃ በእግር። ሲመለሱም ለኬብል መኪናው ያው ሰልፍ ነው። ይህን ሰልፍ በጊዜያችሁ ውስጥ ቁጠሩት። ሰዓታችሁንም በመርከቡ ሰዓት አስተካክሉ። ስልክ በራሱ ወደ ወደቡ ሰዓት ሲዞር ስንቱን አስቀርቷል!

በዚህ ላይ ባለ 1,650ው ይሻላል ትላላችሁ? የግድ አይደለም። በየወደቡ የሚሰጠው ነፃ ጉብኝት ብዙ ጊዜ ከተማውን በአውቶቡስና በእግር የማዞር ነው። ጥሩውን ከፈለጋችሁ እዚያም ተጨማሪ ልትጠየቁ ትችላላችሁ። በራሱ መንከራተት ለሚወድ ሰው የማይጠቀምበትን ነገር ቀድሞ መክፈል ነው።

ምግብና መጠጥ

ምግብ ላይ ብዙም አልቆይም፤ ርካሹም መርከብ አያስርብም። ዋናው ምግብ አዳራሽና ቡፌው በትኬቱ ውስጥ ናቸው። ውኃ፣ ሻይና ተራ ቡና እንዲሁ። የሚያስከፍሉት ልዩ ምግብ ቤቶቹ ናቸው፤ የስቴክ ቤቱ፣ የሱሺ ቤቱ። ሙሉ ፓኬጅ ከመግዛት አንድ ማታ መሞከር ይበቃል ባይ ነኝ። በመጀመሪያው ማታ ሰው ስለማይበዛ ብዙ ጊዜ ቅናሽ ይኖራል። ልዩነቱ የሚሰማው ጫጫታው ላይ ነው። ትንሹ መርከብ ላይ ቁጭ ብላችሁ ትበላላችሁ፤ ግዙፉ ላይ በምሳ ሰዓት ሳህን ይዞ ወንበር ፍለጋ መዞር አለ።

የመጠጥ ፓኬጅ ግን ወጥመድ ሊሆን ይችላል። በቀን 70 ዶላር ነው እንበል። 18 በመቶ ሰርቪስ ሲጨመርበት 82.60 ይሆናል። አንድ ኮክቴል ከነሰርቪሱ 15 ዶላር ገደማ ቢሆን ለማካካስ በቀን ስድስት መጠጣት አለባችሁ። በየቀኑ! ወደብ ላይ በምትውሉበት ቀን ጭምር። ሌላም አለ፤ ብዙዎቹ ኩባንያዎች በአንድ ክፍል ያሉ አዋቂዎች በሙሉ ካልገዙ አይሸጡም። አንዱ የሚጠጣ፣ አንዱ የማይጠጣ ከሆናችሁ በነጠላ እየከፈላችሁ ጠጡ። የካርኒቫሉ ፓኬጅ በቀን 15 የአልኮል መጠጥ ላይ ይቆማል። እዚያ ለመድረስ የሚያስብ ሰው ይህን ጽሑፍ እያነበበ አይመስለኝም።

ቲፕ

አዲስ ሰው የሚደነግጠው እዚህ ነው። በትልልቆቹ የአሜሪካ ኩባንያዎች በየቀኑ በነፍስ ወከፍ ከ16 እስከ 20 ዶላር የሚሆን ቲፕ በራሱ ሂሳባችሁ ላይ ይጨመራል። ለሕፃን ጭምር የሚያስከፍሉ አሉ። ክፍላችሁ ስዊት የሚባለው ሰፊውና ውዱ ክፍል ከሆነ ደግሞ ከፍ ይላል። ገንዘቡ ለክፍል አስተናጋጁ፣ ለምግብ አስተናጋጆችና ከጀርባ ለሚሠሩ ይከፋፈላል። በሌላ በኩል የብሪታንያው ፒ ኤንድ ኦ ክሩዝስ ከሜይ 2019 ጀምሮ የቀን ቲፑን ትቶ በዋጋው ውስጥ አስገብቶታል።

ብዙ ኩባንያዎች እንግዳ መቀበያው ጋ ሄዳችሁ እንዲቀነስ ብትጠይቁ ይቀንሱታል። ባታደርጉት ደስ ይለኛል። ጎደለብኝ የሚለው ኩባንያው ሳይሆን አልጋችሁን ያነጠፈው ልጅ ነው። ይልቅ ሁለቴ እንዳትከፍሉ ተጠንቀቁ። መጠጥ ስታዙ ደረሰኙ ላይ 18 ወይም 20 በመቶ ቀድሞ ተደምሮበታል፤ ከታች ደግሞ "ተጨማሪ ቲፕ" የሚል ባዶ መስመር አለ። ባዶውን ተዉት። ወደብ ላይ ለሚያዞራችሁ አስጎብኚ ግን ይህ ሁሉ አይደርሰውም፤ ለእሱ ትንሽ ጥሬ ገንዘብ ያዙ።

አሁን እንደምር

ሁለት ሰዎች፣ ሰባት ሌሊት። ባለ 700ው ትኬት 1,400 ይሆናል። የወደብ ክፍያና ግብር 300። ቲፕ በቀን 18 ሲታሰብ 252። ድምሩ 1,952 ነው። ይህ ከሞላ ጎደል ማምለጫ የሌለው ወጪ ነው።

ከዚህ በላይ ያለው እንደየሰዉ ነው። ለአንድ ስልክ ዋይፋይ በቀን 20 ሲሆን 140 ጨምሩ። መርከቡ የሚሸጣቸው ሦስት የወደብ ጉብኝቶች እያንዳንዳቸው በ90 ዶላር፣ ለሁለት ሰው 540። የመጠጥ ፓኬጅ ለሁለት 1,156። አንድ ማታ ስቴክ ቤት 100። አሁን 3,888 ደረሰ። ባለ 1,650ው ግብር፣ ቲፕ፣ ዋይፋይ፣ ጉብኝትና የገበታ ወይን አካቶ ከሆነ ለሁለት 3,300 ላይ ይቆማል። "ውዱ" መርከብ በ588 ዶላር ረከሰ ማለት ነው።

ግን ገልብጡት። አትጠጡም፣ ወደቡን በእግራችሁ ትዞራላችሁ፣ ለአንድ ሳምንት ያለ ኢንተርኔት መኖር አይከብዳችሁም። እንዲህ ከሆነ በ1,952 ሄዳችሁ ትመጣላችሁ፤ 3,300 የምትከፍሉበት ምክንያት አይታየኝም። ልጆች ያሉት ቤተሰብም እዚያው ይሂድ። ሁለት ሆነው ጸጥታ የሚፈልጉ፣ ማታ ማታ ከእራት ጋር ወይን የሚወዱና በየወደቡ አስጎብኚ የሚይዙ ግን ባለ 1,650ውን ይግዙ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት

ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። ቪዛ የሚጠየቅ ፓስፖርት ካላችሁ ጉዞው የሚያልፍባቸውን አገሮች በሙሉ ጻፉ። ከባርሴሎና ተነስቶ ቱርክ ደርሶ የሚመለስ መርከብ ከሼንገን፣ ማለትም ከአውሮፓ የጋራ ቪዛ ክልል፣ ወጥቶ ይገባል። ስለዚህ የአንድ ጊዜ መግቢያ ቪዛ ላይበቃ ይችላል። መነሻው ወደብ ደግሞ አንድ ቀን ቀድማችሁ ድረሱ። የአንድ ሌሊት ሆቴል ያመለጠን መርከብ በአውሮፕላን ከማሳደድ ይረክሳል።

ከተሳፈራችሁ በኋላ ሂሳባችሁን በየማታው በመርከቡ አፕ ወይም በክፍላችሁ ቴሌቪዥን ተመልከቱ። እኔ እንዳደረግኩት ለመጨረሻው ጠዋት ካስቀመጣችሁት፣ ያልጠጣችሁትን ኮክቴል ለማሰረዝ ሻንጣ ከያዘው ሕዝብ ኋላ ነው የምትሰለፉት።