ከባሕር ዳር ዘጌ በጀልባ፦ የትኛው ላይ ልሳፈር?

ፍርዴን ከፊት ላስቀምጥ። ከባሕር ዳር ጣና ላይ ወዳለው የዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ መሄድ የሚወጣበት ገንዘብ የማይቆጭ ጉዞ ነው። ይህን ግን ለሁሉም ጀልባ አልልም። ወደቡ ላይ ከተደረደሩት ውስጥ እናቴን ደግሜ የማሳፍርበት አለ። ጠላቴንም የማላሳፍርበት አለ። ዘንድሮ ሁለቱንም በአንድ ጠዋት አየኋቸው። ልዩነቱ ማንኛውም ተሳፋሪ ቆም ብሎ ሊያየው የሚችል ስለሆነ ዘርዝሬ ልጽፈው ነው።

አንቺ ደግሞ ምን አገባሽ ለምትሉኝ፣ ሥራዬ ነው። የጭነት መርከብ ላይ ኤሌክትሮ ቴክኒካል ኦፊሰር ነኝ። የመርከቡ ጄኔሬተር፣ ሽቦ፣ አላርም፣ መቆጣጠሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። ሙያውን ያገኘሁት በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ሥር ካለው የማሪታይም ማሰልጠኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በወጣው ጥናት መሠረት በዓለም የንግድ መርከቦች ላይ ከ1.8 ሚሊዮን በላይ ሰው ይሠራል። ከመቶው ሴቶቹ ሁለት እንኳ አይሞሉም። ከእነዚያ አንዷ ነኝ። ስለዚህ ጀልባ ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄደው ሞተሩ ላይ ነው።

የካቲት 16 ኪዳነ ምሕረት ናት። የዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ስትነግሥ ወደቡ ከማለዳ ጀምሮ በነጠላ ይሞላል። እማዬን ይዤ ደረስኩና መጀመሪያ የጠራን ጀልባ ውስጥ ገባን። የማን እንደሆነ አልናገርም። ለሦስት ሰው የተሠራው አግዳሚ ላይ አምስት ሰው ተጠጋግቷል። ረዳቱ አሁንም «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል። ላይፍ ጃኬቶቹ በማዳበሪያ ከረጢት ታስረው ከፊት ተጥለዋል። ለምን አልተሰጠንም ስለው፣ «ከፈለግሽ አወጣልሻለሁ እህቴ፣ ሐይቅ እኮ ነው» አለኝ።

ከኋላ ቢጫ ጀሪካን ሙሉ ቤንዚን አለ። ክዳን የለውም። አፉ በፌስታል ተወትፏል። አጠገቡ የሞተሩ ባትሪ ተቀምጧል። የባትሪው አንዱ ጫፍ ላላ ብሎ ሽቦው በእጅ ሲነካ ይንቀሳቀሳል። ጀልባዋ በተወዛወዘች ቁጥር እዚያ ጋ ብልጭታ ሊፈጠር ይችላል። የቤንዚን ትነት ደግሞ ከአየር ስለሚከብድ ወደ ላይ ተኖ አይጠፋም፤ ከጀልባዋ ወለል ላይ ይተኛል። ብልጭታው እዚያ ወለል ላይ ካገኘው ነገሩ አለቀ። እማዬን እጇን ይዤ ወረድን። ከኋላችን «ምን ታካብዳለች» ያለ ሰው ነበር። ብራችንን ለማስመለስም መጨቃጨቅ ነበረብን።

አላካበድኩም። እ.ኤ.አ. መጋቢት 2024 ባልቲሞር ውስጥ ዳሊ የተባለው ኮንቴይነር ጫኝ መርከብ መብራቱ ጠፍቶበት ድልድይ መታ። ድልድዩ ተደረመሰ፤ ጥገና ላይ የነበሩ ስድስት ሠራተኞች ሞቱ። የአሜሪካ መርማሪዎች ጉዳዩን ሲመረምሩ የመብራቱ መጥፋት መነሻ ሆኖ ያገኙት በደንብ ያልገባ አንድ ሽቦ ነው። ሽቦው ላይ የተለጠፈው የስም ምልክት ቦታውን ስቶ ስለተቀመጠ ጫፉ ማሰሪያው ውስጥ እስከ መጨረሻው አልገባም ነበር። ያንን ሪፖርት ካነበብኩ በኋላ እኔ የምሠራበት መርከብ ላይ ያሉትን ማሰሪያዎች በእጄ እየሳብኩ ፈትሻለሁ። ስለ ጀሪካኑም ቢሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2021 ስሪላንካ አጠገብ የነደደው ኤክስ ፕሬስ ፐርል የተባለ መርከብ ላይ እሳቱ ከመነሣቱ ቀናት በፊት አንድ የናይትሪክ አሲድ ኮንቴይነር እያፈሰሰ እንደነበር ታውቆ ነበር። አውርዱልን ተብለው የተጠየቁ ሁለት ወደቦች ሳይቀበሉት ቀሩ። መርከቡ ለቀናት ተቃጥሎ በመጨረሻ ሰጠመ።

«ሐይቅ እኮ ነው» የሚለው መልስ ግን ከሁሉም በላይ ያናድደኛል። ቪክቶሪያም ሐይቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 ኤምቪ ቡኮባ የተባለው የመንገደኞች መርከብ እዚያ ሰጥሞ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው አለቀ። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ ኤምቪ ኒዬሬሬ ኡካራ ደሴት ለመድረስ ጥቂት ሲቀረው ተገለበጠ። ከ200 በላይ ሰው ሞተ። ከተፈቀደለት ቁጥር እጅግ የበለጠ ሰው ጭኖ ነበር። ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፤ ጥልቅ በሚባለው ቦታው 15 ሜትር ገደማ ነው። ሰፊና ጥልቀት የሌለው ውሃ ላይ ግን ነፋስ ሲነሣ ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። በተከታታይ ይመታል፣ ትንሽ ጀልባ ፋታ አታገኝም። ክፍት ውቅያኖስ ላይ ሰፊውን ሞገድ ለለመደ ሰው የጣና ከሰዓት በኋላ የዋዛ አይደለም።

ሁለተኛዋ ጀልባ ነጭ ናት፣ ጎኗ ላይ ሰማያዊ መስመር አላት። ካፒቴኑ ስሙ እንዲጻፍ አልፈለገም። ሃምሳዎቹን ያለፈ ረጋ ያለ ሰው ነው። ጀልባዋ ላይ ሁለት ባዶ ቦታ እያለ «በቃ፣ ሞልቷል» ብሎ ገመዱን ፈታ። ለምን እንዳልሞላ ስጠይቀው፣ «ስንመለስ ሰው ባዶ እጁን አይመጣም፤ ቡናም ይይዛል» አለኝ። የመመለሻውን ክብደት ሲነሣ ያሰበ ሰው ነው። እንዲህ ዓይነት ስሌት መርከብ ላይ የሚሠራው ዋናው መኮንን በኮምፒውተር ነው።

ከዚያ የተሳፋሪውን ስምና ስልክ በደብተር መዘገበ። ወረቀቱን ገነጠለና ወደብ ላይ ለቀረው ልጅ ሰጠው። አንድ ነገር ቢፈጠር ማንና ስንት ሰው እንደሚፈለግ የሚያውቅ ሰው የብስ ላይ አለ ማለት ነው። ላይፍ ጃኬት ለሁሉም አደለ፤ እየዞረም ማሰሪያውን ራሱ አጠበቀ። እማዬ ጋ ሲደርስ «እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» ብሎ ከነጠላዋ በላይ አሰረላት። ቀጥሎ ቆም አለና ተናገረ። «ጉማሬ ብታዩ እንዳትነሡ። ሁላችሁ ወደ አንድ ጎን ከሄዳችሁ ጉማሬው ሳይነካን እንገለበጣለን።» እ.ኤ.አ. በ2012 ጣሊያን ዳርቻ ከተገለበጠው የመንገደኞች መርከብ ከኮስታ ኮንኮርዲያ አደጋ በኋላ የዓለም አቀፉ የባሕር ደኅንነት ስምምነት ሶላስ ተሻሽሎ፣ ከአንድ ቀን በላይ የሚጓዝ የመንገደኞች መርከብ አዲስ ተሳፋሪዎቹን ሰብስቦ በአደጋ ጊዜ ምን እንደሚያደርጉ ከመነሣቱ በፊት ወይም እንደተነሣ ወዲያው እንዲያሳያቸው ግዴታ ሆኗል። ይህ ሰው ያደረገው እሱን ነው።

አሁን ሞተሩ ጋ ልምጣ። ያማሃ ነው፣ 40 የፈረስ ጉልበት። ከማብሪያው ሥር አንድ ቀይ የተጠቀለለ ገመድ ይወጣል። ካፒቴኑ የገመዱን ሌላ ጫፍ የእጁ አንጓ ላይ አስሮታል። ሾፌሩ ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ገመዱ ተስቦ ይወጣል፤ ሞተሩም በቅጽበት ይጠፋል። ባይታሰር ጀልባዋ ያለ ሰው እየዞረች የወደቀውን በፕሮፔለር ልታገኘው ትችላለች። ወደቡ ላይ በሌሎች ጀልባዎች ያየሁት ይኸው ገመድ ሞተሩ ላይ ተጠምጥሞ የተረሳ ነው። ሌላም የምታዩት ነገር አለ። ሞተሩ ሲነሣ ከጎኑ ቀጭን ውሃ ወደ ውጪ ይረጫል። ማቀዝቀዣው እየሠራ ነው ማለት ነው። እምቦጭ ወይም ፕላስቲክ መሳቢያውን ከደፈነው ያ ውሃ ይቆማል፤ ሞተሩም መሐል ሐይቅ ላይ ይግላል። ካፒቴኑ በየጥቂት ደቂቃው ዞር እያለ ያየው ነበር።

አንድ ሰዓት ገደማ ፈጅቶብን ዘጌ ገባን። ስለ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሥዕሎችና ስለ ቡናው ጫካ ብዙ የተጻፈ ስላለ እዚህ አልደግመውም። ለእግረኛ መንገዱ ጥሩ ጫማ አድርጉ።

የዚህ አገልግሎት ትልቁ ነጥብ የመጣው ስንመለስ ነው። ስምንት ሰዓት ላይ ነፋሱ ተነሣ። ከልሳነ ምድሩ ጫፍ ወዲያ ውሃው ነጭ አረፋ መድፈቅ ጀመረ። ካፒቴኑ አይቶ «አልነሣም» አለ። ሰው ጮኸበት። አንዱ አውቶብስ ያመልጠኛል ብሎ ተጨማሪ ብር አወጣ። «ብርህን ያዝ ወንድሜ። ሐይቁ ሲረጋ ሁላችንም እንሄዳለን» አለና ዛፍ ሥር ተቀመጠ። ሌላ ጀልባ ሰው ጭኖ ከፊታችን ሲወጣ እንኳ አልተነቃነቀም። አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ሲል ነፋሱ ወደቀ፤ ሳይጨልም ባሕር ዳር ገባን። ትልልቅ መርከቦች ላይ ካፒቴን ለደኅንነት ሲል የሚወስደውን ውሳኔ ባለንብረቱ እንዳይከለክለው ሶላስ ያዛል። እዚያ ሕግ ያለለት ካፒቴንም ኩባንያው በስልክ «ለምን ዘገየህ» ሲለው ይጨነቃል። ይህ ሰው ጀርባው ላይ ምንም ሳይኖረው እምቢ አለ።

ደግሞም እምቢ ማለት ያስከፍለዋል። ጎብኚ ከቀነሰ ወዲህ ባለጀልባው በበዓል ቀን የሚያገኛትን ነው ለወራት የሚበላው። ቤንዚን ማደያ ሲጠፋ ከጥቁር ገበያ ይገዛል። ፕሮፔለር ተሰበረ ማለት የብዙ ሳምንት ገቢ ሄደ ማለት ነው። ገቢ ሲጠብ መጀመሪያ የሚቆረጠው የማይታየው ወጪ ነው፦ ጃኬት፣ ማሰሪያ፣ ጥገና። የእኔም ሙያ ዛሬ ያለበት ጣጣ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. ከኅዳር 2023 ጀምሮ ቀይ ባሕር ላይ መርከቦች ሲመቱ፣ ብዙ ኩባንያዎች አፍሪካን በደቡብ ጫፏ ዞረው መሄድ ጀመሩ። ጉዞው ከአሥር ቀን እስከ ሁለት ሳምንት ገደማ ረዘመ፤ ነዳጅና ኢንሹራንስ ተወደደ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ትሩ ኮንፊደንስ የተባለው የጭነት መርከብ እዚያው አካባቢ ሲመታ ሦስት መርከበኞች ሞቱ። እነሱም እንደኛ ለደመወዝ የወጡ ሰዎች ናቸው። በዚያው ዓመት በባለቤቶቻቸው ያለ ደመወዝና ያለ ስንቅ የተጣሉ መርከበኞች ከ3,000 በላይ እንደነበሩ የዓለም አቀፉ የትራንስፖርት ሠራተኞች ፌዴሬሽን አስታውቋል። ኪሳራው ሁልጊዜ ጀልባው ላይ ያለው ሰው ላይ ነው የሚወርደው። ስለዚህ የመጀመሪያውን ጀልባ ረዳት ስወቅስ፣ ከልቤ ብናደድም፣ ችግሩን እሱ እንዳልፈጠረው አውቃለሁ።

የነጯ ጀልባ ጉድለትም አለ። የእሳት ማጥፊያው መርፌ ቀዩ ላይ ነው፤ ባዶ ነው ማለት ይቻላል። ሬዲዮ የለውም፤ ያለው ስልክ ነው፣ እሱም መሐል ላይ ኔትወርኩ ይቆራረጣል። የልጅ ላይፍ ጃኬት የለውም። አንዲት እናት ሕፃኗን በትልቅ ጃኬት ስትጠቀልል አይቻለሁ። ልጁ ውሃ ቢገባ ከጃኬቱ ሥር ያመልጣል። ይህን በግልጽ ነገርኩት፤ አልተቆጣም።

ለጀልባ ማኅበራቱና ለሚቆጣጠረው አካል አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ። መርከብ ጎን ላይ ያለውን ክብና መስመር አይታችሁት ይሆናል። ፕሊምሶል መስመር ይባላል። በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1876 ሕግ የሆነው ባለንብረቶች አብዝተው እየጫኑ መርከበኛ ስላለቀ ነው። ውሃው መስመሩን ካለፈ ጭነቱ በዝቷል፤ ክርክር የለም። የጣና ውሃ ጨው ስለሌለው እንዲያውም ጀልባን ከባሕር ውሃ ያነሰ ነው የሚሸከመው። በእያንዳንዱ ጀልባ ጎን ላይ ባለሙያ ለክቶ አንድ ቀይ መስመር ይቀባ። የሚፈጀው አንድ ጣሳ ቀለም ነው። እማዬ ማንበብ አትችልም፤ መስመሩ ውሃ ውስጥ መግባቱን ግን ታያለች። ከጅቡቲ በየብስ ተጭና የመጣችው ትልቋ ጀልባ ጣናነሽ 2 በመምጣቷ ከልብ ደስ ብሎኛል። ቢሆንም ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ አብዛኛው ሰው የሚሄደው አሁንም በትንንሾቹ ነው።

ለምትሄዱ፦ ከጠዋቱ 1 ሰዓት በፊት ወደብ ድረሱ፤ ከ6 ሰዓት በፊት ለመመለስ አስቡ። ነፋስ ቢይዛችሁ ማደር ሊመጣ ስለሚችል ለመመለሻ ቀን ቀጠሮ አትያዙ። ዋጋው በቤንዚን ስለሚወጣና ስለሚወርድ ሳትሳፈሩ ተስማሙ። የነጯ ጀልባ ዋጋ ከሌሎቹ ትንሽ ይበልጣል፤ እኔ ሳልከራከር ከፍያለሁ። የምትሳፈሩበት ካፒቴን አንጓው ላይ ቀይ ገመድ ከሌለ «ጋሼ፣ ገመዱን ይሰሩልን» በሉት። የልጅ ጃኬቱን ጉዳይ እኔ ይዤዋለሁ። በሚቀጥለው ፈቃዴ ከምንቆምበት ወደብ አራት ገዝቼ አመጣለታለሁ ብዬዋለሁ። እሱም ቁጥሩን ደብተሩ ላይ ጻፈው።