በጎንደር የአኳሪየም ተክል ለተከለልን ወጣት ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

በጎንደር ከተማ በቤታችሁ አኳሪየም ያላችሁ ወይም ለማስገባት የምታስቡ ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ለወራት ያስጨነቀኝን ነገር በአንድ ከሰዓት በኋላ ላቃለለልኝ ወጣት ባለሙያ ምስጋናዬን በአደባባይ ለማቅረብ፣ እናንተም እኔ የደረሰብኝ እንዳይደርስባችሁ ለመጠቆም ነው።

አኳሪየሙን የገዛሁት አባቴ እግራቸውን ታመው ከቤት መውጣት ካቆሙ በኋላ፣ ሕይወት ያለው ነገር በፊታቸው እንዲኖር ብዬ ነው። ለምለም ነገር እንዲያዩ፣ ዓሦቹም መጠለያ እንዲያገኙ የፕላስቲኩን ትቼ እውነተኛ ተክል እንዲገባበት ፈለግሁ። መከራዬ የጀመረው ከዚያ ነው። ስሙን የማልጠቅሰው አንድ ሻጭ ተክሎቹን እስከ አንገታቸው ጠጠር ውስጥ ቀብሮ ሄደ፤ ብዙም ሳይቆዩ በስብሰው ውሃው ሸተተ፤ ደውዬ ስነግረው «ችግሩ ውሃሽ ነው» ብሎ ስልኩን ዘጋብኝ። ሌላው ደግሞ ተክሉ ተነቅሎ እንዳይንሳፈፍ ብሎ፣ ከኤሌክትሪክ ገመድ በተላጠ የመዳብ ሽቦ ከድንጋይ ጋር ጠፍሮ አሰረው። ተክሉ በሽቦው ተቆረጠ፤ ከዓሦቹም ሦስቱ በተከታታይ ሞቱ። አባቴ ሦስተኛውን በመረብ ሲያወጡ አንድም ቃል አልተናገሩም፤ ገንዘብ ከፍዬ ሐዘን የገዛሁላቸው መሰለኝ።

ይህን ወጣት የጠቆመችኝ ጎረቤቴ ናት። እንደ ገባ ማሞቂያውንና ማጣሪያውን ከሶኬት ነቀለ፤ እጁንም ያለ ሳሙና ታጠበ። ሽቦውን ፈትቶ ካወጣ በኋላ፣ መዳብ ውሃ ውስጥ ሲቆይ ለዓሣ መርዝ ሊሆን እንደሚችል፣ ማንንም ሳይወቅስ በትዕግሥት አስረዳን። ከዚያ አቼቶ ጠይቆ ባመጣው ድንጋይ ላይ ጠብ አደረገበት፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ስላለበት ለውሃው አይስማማም አለን። ድንጋዩ አረፋ አላወጣም። ስለ ውሃው ጠባይ ካስረዳን ውስጥ አብዛኛው አልገባኝም፤ አኑቢያስ የሚባለው ተክል ወፍራም ግንዱ ከተቀበረ እንደሚበሰብስ፣ በድንጋይ ወይም በእንጨት ላይ መታሰር እንዳለበት ግን አልረሳውም። «የፋሲል መዋኛን ግንብ አይተውት የለም እትዬ? የዛፉ ሥር ድንጋዩን ጨብጦ ይኖር የለ፤ ይህም እንደዚያው ነው» አለኝ።

እስከ ዛሬ ከልቤ ያልወጣው ግን ቀጥሎ ያደረገው ነው። የጥጥ ክሩን ሲያወጣ አባቴ ከተቀመጡበት ሆነው «ይህ ክር ሁለት ድርብ ይሁን» አሉ። በወጣትነታቸው ሸማኔ እንደነበሩ ስነግረው፣ ወጣቱ ሥራውን አቁሞ ተክሉንና ድንጋዩን በእርጥብ ፎጣ ላይ አድርጎ ፊታቸው አቀረበና «አባባ፣ እንግዲያው እርስዎ ይሰሩልኝ፤ ብቻ ግንዱን እንዳይቆርጠው ጠበቅ አያድርጉት» አላቸው። የሚንቀጠቀጡ ጣቶቻቸው ክሩን እንደ ያዙ ረጉ። ቋጠሮውን ሲጨርሱ ወጣቱ በጣቱ ፈትሾ «ከእኔ ይሻላል» አለ። አባቴን እንደዚያ ሲስቁ ካየሁ ብዙ ጊዜ ሆኖኝ ነበር።

ከቀናት በኋላ ዓሦቹ ጠጠሩን እየቆፈሩ ሌላኛውን፣ ጠጠር ውስጥ የሚተከለውን ተክል ነቀሉት። ስደውልለት በዝናብ መጥቶ በረጅም መቆንጠጫ መልሶ ተከለው፤ ቅጠሉ የሚወጣበት እምብርት ከጠጠሩ በላይ እንዲቀር አደረገ፤ ዙሪያውንም በትንንሽ ድንጋዮች ደገፈው። ለዚህ አንድ ብር እንኳ አልተቀበለኝም። አባቴ ያሰሩት ክር አሁን በስብሶ ተበጥሷል፤ ተክሉ ግን ድንጋዩን በሥሩ ጨብጦ ቆሟል።

እባካችሁ፣ እንደ እኔ ዓሣችሁ እስኪሞት አትጠብቁ፤ ይህን ልጅ ጥሩት። ስልኩን ሳላስፈቅድ እዚህ መለጠፍ ስላልፈለግሁ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ እሰጣችኋለሁ። ድንጋይም ሆነ ክር ቀድማችሁ አትግዙ፤ እሱ መርጦ ያመጣላችኋል።