ቴራስ ያለው ቤት ለመንደፍ የትኛው ሶፍትዌር ይሻላል? ከበር ሥር ውሃ ከጨለፍን በኋላ የተጻፈ ንጽጽር

ደሴ ላይ አሁን ቤት የሚሠራ ሰው ሁሉ ቴራስ፣ ማለትም ሰው የሚወጣበት ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ይፈልጋል። አይፈረድበትም። የጦሳን ተራራ ፊት ለፊት እያዩ ላይኛው ላይ ቡና መጠጣት ልዩ ነው። ልብስ ይሰጣበታል፣ በርበሬ ይሰጣበታል፣ ታንከርም እዚያው ይወጣል። ጉዱ የሚታየው ሐምሌ ሲገባ ነው።

የእኛም ጉድ ሐምሌ ላይ ወጣ። ፕላኑን ያሠራንበት ቢሮ የሰጠን ባለ ቀለም ሥዕል ዓይን ያጠግባል። ሶሌታው፣ ማለትም የጣሪያው ኮንክሪት፣ ግን ሥዕሉ ላይ እንደ ጠረጴዛ ለጥ ያለ ነበር። ግንበኛውም ያየውን ሠራ። ዝናቡ ሲመጣ ውሃው ወደ አሸንዳው መሄዱን ትቶ ደረጃው መውጫ በር ሥር ተኛ። ቤተሰቡ በሙሉ በጣሳ ሲጨልፍ አመሸ።

አሁን ወንድሜ ኮምቦልቻ ላይ ሊሠራ ነው። እኔ አርክቴክት አይደለሁም፤ ግን አንዴ የተቃጠለ ሰው ነኝ። ያንኑ የእሱን ቴራስ አራት ሶፍትዌር ላይ ደጋግሜ ሣልኩት።

መጀመሪያ አንድ ነገር እንግባባ። ጠፍጣፋ ጣሪያ የምንለው በእውነቱ ጠፍጣፋ አይደለም። 2 በመቶ ያህል ተዳፋት ይፈልጋል፤ በየሜትሩ 2 ሳንቲም ማለት ነው። ከበሩ እስከ ማፍሰሻው 4 ሜትር ካለ 8 ሳንቲም ይሆናል። ማፍሰሻው ጋ የሲሚንቶው ሙሌት 3 ሳንቲም ቢሆን በሩ ጋ 11 ይደርሳል። ሴራሚኩ ከነማጣበቂያው 4 ሳንቲም ይጨምራል። ስለዚህ በሩ ጋ ቴራሱ ከሶሌታው 15 ሳንቲም ከፍ ይላል። ውስጥ ያለው ወለል ግን ከሶሌታው 5 ሳንቲም ብቻ ነው። ውጪው ከውስጡ በ10 ሳንቲም በለጠ ማለት ነው። ማፍሰሻው በቅጠል የተደፈነ ቀን ውሃው የት እንደሚገባ እናንተው ገምቱ።

ስለዚህ ሶፍትዌሮቹን ስመዝን ሁለት ነገር ጠየቅኩ። ተዳፋቱን መሣል ይቻላል ወይ? በሩ ጋ ያለው ከፍታስ በግልጽ ይታያል ወይ? የሥዕሉ ማማር ሦስተኛ ነው።

ስዊት ሆም 3ዲ ነጻ ነው። አንዴ ካወረዳችሁት ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፤ አሮጌ ላፕቶፕም አይከብደውም። ጠፍጣፋ ጣሪያ ለመሥራት አዲስ ፎቅ ትጨምራላችሁ፣ እዚያ ላይ አንድ ክፍል ትሥላላችሁ፤ ያ ክፍል ቴራሳችሁ ነው። ዙሪያውን ግድግዳ አዙራችሁ ቁመቱን 100 ሳንቲም ብትሉት መከታ ይሆናል። ግማሽ ሰዓት አልፈጀብኝም። ታንከሩ የት ይቀመጥ፣ የልብስ ገመዱ በየት ይለፍ ለሚለው ከዚህ የሚቀል የለም። ችግሩ የክፍሉ ወለል አያዘነብልም። ሳጥን አምጥቶ በማጋደል ማታለል ይቻላል፤ እኔም ሞክሬዋለሁ፤ ግን ማታለል ማታለል ነው። የፎቁን ከፍታና የወለሉን ውፍረት በቁጥር ማስገባት ስለሚቻል የበሩ ጉዳይ ከሞላ ጎደል ይያዛል።

ስኬችአፕ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ ምክንያቱም ነገሩ የገባኝ እዚያ ነው። የሶሌታውን አራት ማዕዘን ሣሉ። ማፍሰሻው የሚሆንበትን ነጥብ ምረጡ። ከአራቱም ጥግ ወደዚያ ነጥብ መስመር ጎትቱ። ከዚያ ነጥቡን ብቻ ይዛችሁ በሰማያዊው፣ ከፍታን በሚያሳየው መስመር፣ 8 ሳንቲም ወደታች አውርዱት። ወለሉ በአራት ሦስት ማዕዘን ተከፍሎ ወደ ማፍሰሻው ያዘነብላል። ወንድሜ ይህንን ሲያይ «እንዴ፣ እንደ ሰፌድ ሆነ» አለ። አዎ፣ እንደ ሰፌድ ነው መሆን ያለበት። በሩ ጋ ቆርጣችሁ ስታዩትም እያንዳንዱ ንጣፍ በሳንቲም ይለካል።

ነገር ግን ስኬችአፕ ግድግዳ ምን እንደሆነ፣ ጣሪያ ምን እንደሆነ አያውቅም። ለእሱ ሁሉም መስመርና ገጽ ነው። ሳሎኑን ግማሽ ሜትር ብታሰፉ ቴራሱን በእጃችሁ እንደገና ማስተካከል አለባችሁ። ነጻው የሚሠራው ብራውዘር ላይ ነው፤ ኔትወርክ ሲጠፋ እጅ አጣጥፎ መቀመጥ ነው። ኮምፒውተር ላይ የሚጫነው በክፍያ ነው።

ሆም ዲዛይነር ቺፍ አርክቴክት የሚባለው የባለሙያዎች ሶፍትዌር ታናሽ ወንድም ነው። ግድግዳ ስትሥሉ ጣሪያውን ራሱ ያለብሳል። ለቆርቆሮ ቤት ደስ ይላል፤ ለቴራስ ግን መጀመሪያ ያናድዳል። ለጥ ያለ ነገር ስትፈልጉ ሾጣጣ ጣሪያ ይደፋባችኋል። መላው፣ ከቤቱ በላይ ባለው ፎቅ ላይ በግድግዳ ፋንታ በመከታ ብረት የተከበበ ክፍል ሥሎ ዓይነቱን የውጪ ሰገነት ማድረግ ነው። ያኔ ጣሪያው ይነሳል። ይህን ካወቃችሁ ፈጣን ነው። ግን የተሠራው ለአሜሪካ የእንጨት ቤት ነው፤ ወለሉን ስትከፍቱት አግዳሚ እንጨት ታገኛላችሁ። ወደ ኮንክሪት መቀየር የእናንተ ሥራ ነው። ተዳፋት ከፈለጋችሁ ከላይ በጣም ዝቅተኛ ጣሪያ ማንጠፍ ነው፤ በ12 ኢንች ሩብ ኢንች፣ ያው 2 በመቶ። ይህንን በእጅ ለማስተካከል የፕሮ እትሙን ይዤ እጀምር ነበር። ከመግዛታችሁ በፊት የሙከራውን አውርዱ።

የባለሙያዎቹ ሬቪት ሌላ ዓለም ነው። የጣሪያው ንጣፍ ላይ ነጥብ ጨምራችሁ ዝቅ ስታደርጉት፣ ውፍረቱ የሚለዋወጠው የትኛው ንብርብር እንደሆነ ትነግሩታላችሁ። ያኔ ሶሌታው ቀጥ ብሎ ይቀራል፣ ሙሌቱ ብቻ ያዘነብላል። ግንበኛውም የሚሠራው ልክ እንደዚያ ነው። ሙሌቱ ስንት ሜትር ኩብ እንደሚፈጅ ጭምር ይነግራችኋል። ግን ዓመታዊ ክፍያው ከባድ ነው፣ የሚሠራው ዊንዶውስ ላይ ብቻ ነው፣ ላፕቶፑም ጠንካራ መሆን አለበት። ተማሪ ለሆነ ሰው ለትምህርት የሚሰጥ ነጻ ፈቃድ አለ። ለአንድ ቤት ብሎ መግዛት ግን ለአንድ ስኒ ቡና ጀበና ፋብሪካ መክፈት ነው።

በነገራችን ላይ የዚህ ሁሉ መምህር እዚሁ ወሎ ውስጥ ነው። ላሊበላ፣ ቤተ ጊዮርጊስን ከላይ ቆማችሁ እዩት። ጣሪያው ላይ አንዱ በአንዱ ውስጥ የተቀረጹት መስቀሎች ብቻ አይደሉም የሚታዩት፤ ውሃ መውረጃ አፍም ተቀርጾለታል። አለቱን ሲፈለፍሉ ዝናቡን አስበውበታል።

እኔ ብሆን፣ ራሴ ለማሰብ ስዊት ሆም 3ዲን ይዤ እጀምራለሁ። ቦታው ከጸና በኋላ ቴራሱን ብቻ ለይቼ ስኬችአፕ ላይ አዘንብለዋለሁ። ሬቪቱን ለባለሙያው እተዋለሁ፤ ግን ስከፍለው በሩ ላይ የሚያልፍ ቁርጥ ሥዕል፣ ከፍታዎቹ በቁጥር ተጽፈውበት፣ አምጣ እለዋለሁ። ሆም ዲዛይነር ቤቱ ግማሹ ቆርቆሮ ግማሹ ቴራስ ከሆነ ይጠቅማል፤ አለዚያ ለእኛ ሶሌታ አይመቸኝም። ከአራቱ አንዳቸውም ሶሌታው ሸክሙን ይችል እንደሆነ በሥዕል ብቻ አይነግሯችሁም። 2,000 ሊትር ታንከር ሲሞላ ውሃው ብቻ 2 ቶን ነው። እሱን ኢንጂነሩን ጠይቁ።

የወንድሜን ሥዕል ጅዳ ላለችው እህታችን በቴሌግራም ላክንላት። ገንዘቡ የእሷም ነው። ተዳፋቱን በቀስት አሳየናት፣ የበሩን ደፍ አሳየናት። አየችና የመለሰችው አንድ መስመር ነው፦ «እሺ፣ እናቴ በርበሬዋን የት ታሰጣለች?» ታንከሩን ወደ ጥግ ገፋነው።