ለሱሉልታ ጭቃ፦ ዲፌንደር ወይስ ሃርድ ቶፕ?

ክረምት ላይ ከእንጦጦ ጀርባ ወደ ሱሉልታ ገጠር የሚገባ ሰው ዋልካን ያውቀዋል። ጎማው ላይ ተለጥፎ ጥርሱን ይደፍነዋል። ያኔ አዲስ ጎማም ካለቀ ጎማ አይለይም።

እዚህ ጭቃ ላይ የድሮው ላንድ ሮቨር ዲፌንደር ጎበዝ ነው። አራቱም ጎማ ሁልጊዜ ይሠራል። ፊትም ኋላም ሞላ (ጥምዝ ስፕሪንግ) ስለሆነ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ሲገባ ሌላው መሬቱን ቶሎ አይለቅም። ኃይሉን ለፊትና ለኋላ የሚያካፍለውን የመሃል ዲፈረንሻል ሲቆልፉት ደግሞ ከፊትም ከኋላም ይገፋል።

ሃርድ ቶፑ፣ ማለትም 70 ላንድ ክሩዘር፣ ኋላው ባሌስትራ (ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ነው። ባዶውን ሲሄድ ያነጥራል፤ ወገብ ይጨርሳል። ጭነት ሲይዝ ግን ረጋ ይላል። የፊት ጎማው የሚሠራው ፎር ዊል ሲያስገቡ ብቻ ነው። በእጅ የሚቆለፍ ከሆነ ጭቃው ሳይደርስ ወርደው ይቆልፉት። አንዴ ከተያዙ በኋላ ጎማ ሥር ተንበርክኮ ጭቃ የጠጣ ቁልፍ ማዞር ያስመርራል።

አስተማማኝነት ላይ ግን እኔ ያለማመንታት ከሃርድ ቶፑ ጋር ነኝ። ባለ 4.2 ሊትሩ፣ ባለ 6 ሲሊንደሩ ናፍጣ ሞተር ተርቦ የለውም። የናፍጣ ፓምፑም ሜካኒካል ነው። ሰንዳፋ ላይ ቢቆምብዎት የሚያውቀው መካኒክ አያጡም፤ ዕቃውም ሶማሌ ተራ አለ። ዲፌንደር ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በኮምፒውተር የሚታዘዝ ሞተር ገብቶለታል፤ ያ ሲያስቸግር መፍቻ ብቻውን አይበቃም። አሉሚኒየም ቦዲውም ከብረት ጋር በሚገናኝበት ቦታ ይበላል። ስለዚህ ሲገዙ የበሩን ጠርዝና ሻንሲውን ጎንበስ ብለው ይዩ።