የሸክላ ሽፋን ንጽጽር፦ የትኛው ልዩ ማሸጊያ ዋጋውን ያወጣል?

አንድ አልበም ዛሬ በሦስትና በአራት ዓይነት ልብስ ገበያ ይወጣል፦ ተራው ባለ አንድ ኪስ፣ እንደ መጽሐፍ የሚከፈተው፣ ቁጥር የተጻፈበት ውስን እትም፣ ከነፖስተሩ በሣጥን የሚመጣው። ዘፈኑ ያው ነው፤ ዋጋው ግን የትየለሌ ይለያያል። ሸክላ ሰብሳቢ ለሽፋን ግድ የለውም የሚል ካለ አላምነውም፤ ዘፈኑንማ ማንም በስልኩ ያገኘዋል። የሚያስገዛው ያንን ሠላሳ ሳንቲ ሜትር በሠላሳ የሆነ ሥዕል ጭን ላይ አስቀምጦ፣ ከበሮውን ማን እንደመታ እያነበቡ መስማቱ ነው። ስለዚህ ለሽፋን አትክፈሉ አልልም። ከመክፈላችሁ በፊት ግን ሸክላው ከሽፋኑ እንዴት እንደሚወጣና እንዴት እንደሚመለስ እዩ። በወጣ በገባ ቁጥር የሚጭረው ማሸጊያ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ ውሎ አድሮ ዘፈኑን ያበላሻል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ተራው ሽፋን፣ ተከፋቹና የተለጠፈው

ተከፋቹ ሽፋን ለባለ ሁለት ሸክላ አልበም ተገቢ ነው፤ ለእያንዳንዱ የራሱ ኪስ አለው፣ ውስጡም ለፎቶና ለጽሑፍ ሰፊ ቦታ ይሰጣል። አንድ ሸክላ ብቻ ይዞ ሲመጣ ግን ሁለተኛው ኪስ ባዶውን ነው፤ የከፈላችሁት ለካርቶን ነው። አንዳንዱ ደግሞ ኪሱ የሚከፈተው ወደ መታጠፊያው በኩል ስለሆነ፣ ሸክላውን ለማውጣት ሽፋኑን ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ግድ ይላል። መደብር ውስጥ ናሙና ካለ ይህን አረጋግጡ።

እኔ ከተከፋቹ ይልቅ የቀድሞውን አሠራር እመርጣለሁ፦ ሥዕሉ በቀጭን ወረቀት ታትሞ በወፍራም ካርቶን ላይ የሚለጠፍበትን። ጠርዙ ቶሎ አይደክም፣ ቀለሙም ደመቅ ይላል። መለየቱ አያስቸግርም። የኪሱን አፍ ከፈት አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ተመልከቱ፤ የወረቀቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ታጥፎ ተለጥፎ፣ ከሱ በታች ያልታተመበት ካርቶን ከታየ እሱ ነው። በቀጥታ ካርቶኑ ላይ የታተመው ዘመናዊ ሽፋን ይህ እጥፋት የለውም። አሳታሚዎች ዛሬ ይህን አሠራር የሚያወጡት ለውድ እትሞቻቸው ነው፤ የዋጋው ልዩነት ጥቂት ከሆነ አታመንቱ።

ለዓይን ያማሩ፣ ለሸክላው ግን ያልሆኑ

የሮሊንግ ስቶንስ «ስቲኪ ፊንገርስ» በ1971 ሲወጣ ሽፋኑ ላይ ያለው የሱሪ ዚፕ እውነተኛ ነበር፤ ሐሳቡ የሠዓሊው የአንዲ ዋርሆል ነው። ሸክላዎቹ ተደራርበው ሲጓጓዙ ዚፑ ከላዩ ያለውን ሸክላ እየተጫነ ጎዳው። መላ የተባለው ዚፑን እስከ መሃል ከፍቶ መላክ ነበር፤ ያኔ የሚያርፈው ዘፈን በሌለበት በመሃለኛው ወረቀት ላይ ነው። የድሮውን እትም የምትገዙ ከሆነ ሻጩን ስለ ሽፋኑ ብቻ ሳይሆን የሸክላው ገጽ ላይ የጭነት ምልክት እንዳለ ጠይቁ። የእንግሊዙ ባንድ ዱሩቲ ኮለም ደግሞ በ1980 የመጀመሪያ አልበሙን በብርጭቆ ወረቀት ሽፋን አወጣ፤ መደርደሪያ ላይ ጎረቤቶቹን ሁሉ እንዲፍቅ ታስቦ ነው። ቀልዱ ገብቶኛል፤ ከሌሎቹ ሸክላዎቼ አጠገብ ግን አላቆመውም።

ጥሩ ማነጻጸሪያ የሚሆነን የባንዱ የፐብሊክ ኢሜጅ ሊሚትድ «ሜታል ቦክስ» ነው፣ አንዱ ሥራ በሁለት ልብስ ስለወጣ። በ1979 የመጣው የፊልም ጥቅል መያዣ በሚመስል ክብ ቆርቆሮ ሲሆን፣ ውስጡ በደቂቃ 45 ዙር የሚሽከረከሩ ሦስት ትልልቅ ሸክላዎች ተጠቅጥቀው ተቀምጠዋል። ጣት የሚገባበት ቦታ የለም፤ ቆርቆሮውን ገልብጦ መዳፍ ላይ መጣል ነው፣ ያኔ ደግሞ እርስ በርስ ይፋተጋሉ። በ1980 ያው ሥራ በተራ ተከፋች ሽፋን በሁለት ሸክላ ታተመ። ለማዳመጥ የሚፈልግ ሰው ሁለተኛውን ይግዛ። ቆርቆሮውን የሚፈልግ ደግሞ ዕቃ እየገዛ መሆኑን ይወቅ፤ ቆርቆሮ ዝገት አለበት፣ ሸክላውም ከጭረት ነጻ ሆኖ ማግኘት ይከብዳል።

ሣጥኑ

ሣጥን የሚያዋጣው ውስጡ ሌላ ቦታ የማይገኝ ነገር ሲኖር ነው። በ1972 ኒው ዮርክ ውስጥ የወጣውን የሙላቱ አስታጥቄን «ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ» የለንደኑ አሳታሚ ስትራት በ2017 መልሶ ሲያሳትመው ባለ ሦስት ሸክላ እትምም አዘጋጅቷል፦ አንዱ የስቴሪዮው (ድምፁ በሁለት መስመር የተከፈለው)፣ አንዱ የሞኖው (በአንድ መስመር የሚወጣው)፣ ሦስተኛው ስቱዲዮ ውስጥ ተቀርጸው የቀሩ ሙከራዎች። ይህ ፖስተርና ተለጣፊ ጨምሮ ዋጋ መቆለል አይደለም፤ ተጨማሪ ሙዚቃ ነው። ሥራውን ለሚያጠና፣ ቪብራፎን ወይም ሳክስፎን ለሚጫወት ሰው ሦስቱን እመክራለሁ። እሁድ ከሰዓት ቡና ሲፈላ ለመስማት የሚፈልግ በአንዱ ሸክላ ምንም አይጎድልበትም። በአንጻሩ ቲሸርት፣ ፖስትካርድና የጆሮ ማዳመጫ ከረጢት የታጨቀበትን ሣጥን እለፉት።

ከውጭ ወደ አዲስ አበባ በሻንጣ የምታመጡ ደግሞ ክብደቱን አስቡ። ወፍራሙ ሸክላ ብቻውን 180 ግራም ነው፤ አምስት ያለበት ሣጥን ካርቶኑ ሳይቆጠር ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል። በነገራችን ላይ 180 ግራም መሆኑ በራሱ ድምፁን አያሻሽልም፤ ድምፁን የሚወስነው ማስተሩ፣ ማለትም ሸክላው የሚታተምበት የመጨረሻው ቅጂ፣ እና የኅትመቱ ጥራት ነው።

ቁጥር፣ ኦቢ፣ ባለ ሥዕል ሸክላ

የቢትልስ ነጭ ሽፋን አልበም በ1968 ሲወጣ እያንዳንዱ ቅጂ ተራ ቁጥር ነበረው። ቁጥር 0000001 በ2015 ጨረታ በ790,000 ዶላር ተሸጠ፤ ቁጥሩ ከባለቤቱ ከሪንጎ ስታር ጋር ተዳምሮ ነው እንዲህ ያደረገው። ዛሬ በየአልበሙ ጀርባ የሚመታው ቁጥር ይህን አያመጣምና ለሱ ብላችሁ ጭማሪ አትክፈሉ። የጃፓን እትሞች ወገብ ላይ የሚጠቀለለው የወረቀት ቀበቶ፣ ኦቢ፣ ግን ቶሎ ስለሚቀደድና ስለሚጣል በድሮ ቅጂ ላይ ካለ ዋጋ ይጨምራል። ባለ ሥዕል ሸክላ፣ ሥዕሉ ሸክላው ራሱ ላይ ያለበትን፣ ግድግዳ ላይ ስቀሉት። መርፌው የሚሄደው ሥዕሉን በሚሸፍነው ስስ ንጣፍ ላይ ስለሆነ ከዘፈኑ ሥር የሚሰማው ሹሹታ ብዙ ነው።

የኛዎቹ፦ የድሮው ወይስ ዳግም የታተመው?

የሙዚቃ አሳታሚው አምሃ እሸቴ በ1969 የአገር ፍቅር ማኅበርን ብቸኛ መብት ተዳፍሮ ማሳተም ከጀመረ በኋላ የወጡት ነጠላ ሸክላዎች ዛሬ በየቤቱ ሳይሆን በሰብሳቢዎች እጅ ናቸው። የድሮዎቹ ብዙ ጊዜ ያለ ሽፋናቸው ወይም በባዶ ወረቀት ገብተው ይገኛሉ፤ በየግብዣው ተጫውተዋል፣ ይህም በድምፃቸው ይታወቃል። የመጀመሪያ ሽፋኑን ይዞ የተገኘ ነጠላ ሸክላ ከሸክላው ይልቅ ለሽፋኑ የሚከፈልበት ብቸኛው ሁኔታ ነው ብዬ አምናለሁ፤ ፎቶው፣ ፊደሉ፣ የሱቁ ማኅተም ሌላ ቦታ አልተመዘገበም።

ለመስማት ከሆነ ዳግም የታተመው ይሻላል። የኃይሉ መርጊያና የዋልያስ ባንድ «ቼ በለው» የ1977 ሥራ ነው፤ አውሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ የተባለው አሳታሚ በ2014 መልሶ አሳትሞታል፣ ንጹሕ ቅጂ በመጠነኛ ዋጋ ይገኛል። ስለ ኃይሉ ሌላ አልበም ስለ «ሸሞንሟናዬ» ግን ተጠንቀቁ፤ በ1985 የወጣው በካሴት ነው፣ ወደ ሸክላ የመጣው በ2013። «የ1985 ኦሪጅናል ሸክላ» ብሎ የሚያቀርብላችሁ ሻጭ ወይ አያውቅም ወይ ያውቃል።

የውስጡ ከረጢት

ሁሉም የውጩን ሲያይ ሸክላውን የሚነካው የውስጡ ነው። ውድ እትሞች ብዙ ጊዜ የሚያምር የታተመ ወፍራም ወረቀት ያስገባሉ፤ አቧራ ይይዛል፣ ሲወጣም ይጭራል። ወረቀቱን በሽፋኑ ውስጥ አስቀርታችሁ ሸክላውን ከፖሊኤቲሊን ወደተሠራ ከረጢት አዛውሩት። ከፒቪሲ የተሠራ ግልጽ ሽፋን ግን አትጠቀሙ፤ ከጊዜ በኋላ ፕላስቲኩ ከሸክላው ጋር እየተጣበቀ የማይለቅ ጭጋግ ይተውበታል።

በፖስታ የምታዝዙ ከሆነ ሻጩ ሸክላውን ከሽፋኑ አውጥቶ ጎን ለጎን እንዲያሽገው ጠይቁት። አለበለዚያ ጥቅሉ በወደቀ ቁጥር ሸክላው የሽፋኑን መጋጠሚያ ከውስጥ እየመታ ይሰነጥቀዋል። ላስቲኩ ያልተከፈተ ቅጂ ከሆነ ከፍቶ ይላክ ወይስ እንደታሸገ ይምጣ የሚለውን መወሰን የገዢው ነው፤ እኔ ይከፈት ነው የምለው።