የጣና ዳርቻ በባሕር ዳር፦ ጠዋቱ ለጀልባ፣ ከሰዓቱ ለጥላ

የባሕር ዳር ውበት ሐይቁ ብቻ አይደለም፤ ዘንባባ የተተከለባቸው ሰፋፊ መንገዶቿና የዳርቻው ዋርካና ሾላ ጭምር ነው። ጉብኝቱን ከቅዱስ ጊዮርጊስ ቤተ ክርስቲያን መጀመር ይሻላል። ግቢው ውስጥ በ17ኛው ክፍለ ዘመን ስፔናዊው የኢየሱሳውያን ሚሲዮናዊ ፔድሮ ፓኤዝ አሠራው የሚባል ባለ ፎቅ የድንጋይ ሕንፃ አለ፤ ብዙው ጎብኚ ልብ ሳይለው ያልፋል።

ወደ ሐይቁ ገዳማት ጀልባ የሚያዘው በጠዋት ነው። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ስለሚነሳ ማዕበሉ ይበረታል፤ የመልሱ ጉዞ ይረዝማል፣ ልብስም ይረጥባል። ስትከራከሩ ዋጋው ለሰው ነው ወይስ ለጀልባው፣ ስንት ገዳም ያካትታል፣ ጀልባው እስከ ስንት ሰዓት ይጠብቃል የሚለውን ሳትሳፈሩ ጨርሱ። ጭቅጭቅ የሚነሳው ሁልጊዜ በመጠበቂያው ነው። ላይፍ ጃኬቱም ቁልፉ መዝጋቱን እዩ። የገዳማቱ መግቢያ ለብቻው ስለሚከፈል ዝርዝር ብር ያዙ። የዘጌ ልሳነ ምድር በጀልባ አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በቡናው ደን ውስጥ ትንሽ ከተጓዙ በኋላ የኡራ ኪዳነ ምሕረት ገዳም የመቅደስ ግድግዳ ሥዕሎች ብቻቸውን መንገዱን ይክሳሉ። ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ ሴቶች ያሉበት ቡድን ይህን አስቀድሞ ይወቅ።

ታንኳ፣ ማለትም የደንገል ጀልባ፣ ካያችሁ ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ። ደንገሉ በእቅፍ በእቅፍ እየታሰረ ይሠራል፤ ውሃ እየጠጣ ስለሚከብድ ከሥራ በኋላ ወጥቶ ፀሐይ ላይ ይደርቃል። ካልደረቀ ቶሎ ይበሰብሳል።

ምሳ አሳ ነው፤ እዚህ ድረስ መጥቶ ሌላ ማዘዝ ዕድልን ማባከን ነው። አጥንት ለሚፈራና ለሕፃናት ቆሮሶ (ቲላፒያ) ይሻላል፤ ነጭ አሳ ይጣፍጣል ግን ቀጫጭን እሾሁ ይበዛል። ሙሉ ጥብስ ስታዙ በጥልቀት ይተልተል በሉ። ያልተተለተለ አሳ ዘይቱ ሲግል ቆዳው ይጠቁርና አጥንቱ ዘንድ ሳይበስል ይቀራል። ከመጠበሱ በፊት የጉንጩን ክዳን ገልጣችሁ ስንጥቡን ማየትም ነውር የለውም፤ ቀይ ከሆነ ትኩስ ነው።

ቅሬታችን አንድ ነው፦ ዳርቻው ላይ የሆቴልና የመዝናኛ አጥር ስለበዛ፣ ብዙ ቦታ ሐይቁን አረፍ ብሎ ለማየት ሻይ ማዘዝ ግድ ይሆናል። ውሃው ውስጥ መዋኘትም እግር መታጠብም አይመከርም፤ ከውሃው በቆዳ የሚገባ ጥገኛ ትል የሚያመጣው በሽታ፣ ቢልሃርዚያ፣ አለ። ሲመሽ ትንኝ ስለሚወጣ እጅጌ ያለው ልብስ ይያዝ፣ ለማደርም አጎበር ያለው ክፍል ይጠየቅ።